ስላቅና እሳት

በእስፓኝ አገር፣ በቫሌንሲያ ከተማ፣ በየዓመቱ ከመጋቢት 6 እስከ 10 «ፋያስ» የተሰኘ በዓል ይከበራል። የየሰፈሩ ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ በባለሙያ የተሠራ ግዙፍ የስላቅ ሐውልት በአደባባይ ያቆማል። ሹሙም፣ ባለጸጋውም፣ ጎረቤትም በምስል ይተቻል። በመጋቢት 10 ሌሊት ሁሉም ይጋያል፤ ከ1926 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ምስል ከእሳቱ ይድናል።

መጋቢት 10 ለእኛም መስቀል የተገኘበት ዕለት ነው። ቁፋሮው የተጀመረበት መታሰቢያ በሆነው በመስከረም መስቀል፣ መራዊም፣ ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም ደመራ ይደምራሉ፤ ሕዝቡም ምሰሶው ወዴት እንደወደቀ አይቶ ዘመኑን ይተረጉማል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ ፋያስ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል።

ታዲያ በደመራው ላይ የስላቅ ምስል እንስቀል ማለት ነውን? አይደለም። ደመራ ጸሎት ነው፤ በውሰት ቅርጽ ማጌጥ አያሻውም። ከፋያስ ጋር የሚዛመደውን ጥበብ ከእሳቱ ሳይሆን ከጎጃም ቅኔ ቤት እናገኘዋለን። በዋሸራና በጎንጅ ወግ ያደገ ባለቅኔ ለዕለቱ ይቀኛል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። በሰሙ ያመሰግናል፣ በወርቁ ይነካል። ቅኔው እንደ ሐውልቱ በዕለቱ ያልፋል፤ የላቀውን ግን የሰሚ ልቡና ከመጥፋት ያድነዋል።

ዛሬ በየባህል መድረካችን የሚቀርበው ስላቅ ከዚህ ወግ ርቋል። ዒላማው አብዛኛውን ጊዜ ሩቁ ሰው ነው፦ የወደቀው ሥርዓት ባላባት፣ ሰካራሙ፣ ከተማ የጠፋበት ባላገር። በፊት ወንበር የተቀመጠው ባለሥልጣን ከልቡ ይስቃል፤ ስለ እርሱ አልተነገረምና። ፋያስም ከ1931 እስከ 1968 ዓ.ም. በገዛው በፍራንኮ መንግሥት ሳንሱር ተጭኖበት ነበር። ሳንሱር አጣርቶ ያሳለፈው ሐውልት ሊያምር ይችላል፤ የሚነደው ግን እንጨቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከቫሌንሲያ የምንማረው ማቃጠልን አይደለም። የሰፈር ሰው በራሱ ወጪ፣ በራሱ መንገድ ዳር፣ በቅርቡ ያለውን ጥፋት በስሙ እንዲጠራ የሚያስችለውን ልማድ ነው። መምህሩ ተማሪውን የዕለቱን ጉዳይ ለዕለቱ ያስጽፈው። ከያኒው ዒላማውን ከፊት ወንበር ይፈልግ። ካድሬውም ተነክቶ መሳቅን ይልመድ፤ በአደባባይ ያልተነገረ ሂስ በየጓዳው ቂም ሆኖ ይጠራቀማልና።