«አይዝጌ» እና «ፀረ ዝገት»፦ ስለ ሁለት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ስያሜ የሚመዘነው በቃሉ ማማር ሳይሆን ሠራተኛውን ወደ ትክክለኛው ተግባር በመምራቱ ነው። «ዝገት»፣ «ፀረ ዝገት» እና «አይዝጌ» የተባሉት ቃላት በበርና በመስኮት ሥራ ብዙ አይጎዱም፤ በአውሮፕላን ሥራ ግን ያሳስታሉ። ጉዳዩም ለአገራችን ባዕድ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታለች፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በግላቸው የሠሯትን ኬ-570ኤ ለማብረር ሞክረዋል።

በግል ከሚሠሩት አነስተኛ አውሮፕላኖች የብዙዎቹ አጽም በብየዳ የተጋጠመ የብረት ቱቦ ነው። ለዚህ የሚመረጠው 4130 የተባለው ብረት ክሮሚየሙ 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ «አይዝጌ» ለመባል ግን ቢያንስ 10.5 በመቶ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ጨው በበዛበት ይዝጋል። ስለዚህ «አይዝጌ» ፈጽሞ የሚክደው ነገር እውነት አይደለም።

በየካ አባዶ ብየዳ ቤቶች «አንቲረስት»፣ በጽሑፍ ደግሞ «ፀረ ዝገት» የሚባለው የአንድ ቀለም ስም ነው። ስያሜው ብረቱ ከተቀባ ሥራው አለቀ ያሰኛል። በአውሮፕላን አጽም ግን አስቀድሞ የብየዳው ቅርፊት በአሸዋ ግፊት ይጸዳል፤ የጸዳውም ብረት፣ ላብ ጨው ስላለበት፣ በባዶ እጅ አይነካም፤ ሳይውል ሳያድርም የኤፖክሲ ቅብ ይቀባል። ቀለም የማይደርስበት የቱቦው ውስጥ ገና ይቀራል። በቆየው ልማድ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሞቀ የተልባ ዘይት ይገባል፤ አጽሙ እየተገላበጠ ውስጡ ሁሉ ይዳረሳል፤ ትርፉ ይንጠፈጠፋል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። የቱቦው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ ስለሆነ፣ ከውስጥ የጀመረው ጉዳት ከውጭ ሳይታይ ሊበሳው ይችላል።

«ዝገት» ራሱ ቀይ መልክ ያሳስባል። አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲነካካ ግን የሚጎዳው አሉሚኒየሙ ነው፤ ምልክቱም ነጭ ዱቄት ነው። ቀይ የሚፈልግ ዐይን ያልፈዋል።

መፍትሔው ከሕዝቡ አነጋገር አይርቅም፤ «ዝገት በላው» ይባላልና። «የብረታ ብረት መበላት» የጠቅላላው ሂደት ስም ይሁን፤ «ዝገት» ለብረት ብቻ ይወሰን። «አይዝጌ» በ«ዝገት ተቋቋሚ» ይተካ፤ ቀለሙ «ፀረ ዝገት ቅብ»፣ የተልባው ዘይት «የውስጥ ቅብ» ይባል። የውስጡ ሥራ ስም ካገኘ የሚዘነጋው ሰው ይቀንሳል።