«ስጨርስ» ልማድ ነው ወይስ ውጥን? የስፓኒሽ ሱብኹንቲቮ፣ የጥናት ዕቅድ ቋንቋና የአማርኛ ተናጋሪው ተማሪ

«ምዕራፉን ስጨርስ መልመጃውን እሠራለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር በማንኛውም ተማሪ የጥናት ዕቅድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አማርኛ አንባቢ ሲያነበው ግር አይለውም። ዐረፍተ ነገሩ ግን ሁለት ፍች አለው። በአንደኛው ፍች ተማሪው ልማዱን ይናገራል፤ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር መልመጃ ይሠራል ማለት ነው። በሁለተኛው ፍች ገና ያልፈጸመውን ውጥን ያሳውቃል። «ስጨርስ» ሁለቱን አይለይም፤ «እሠራለሁ» የሚለው ዋና ግስም አይለይም። ስፓኒሽ ይህን ዝምታ አይፈቅድም። ልማዱን የሚናገር ሰው «ኩዋንዶ ቴርሚኖ ኤል ካፒቱሎ፣ አጎ ሎስ ኤኼርሲስዮስ» ይላል፤ ውጥኑን የሚናገር ደግሞ «ኩዋንዶ ቴርሚኔ ኤል ካፒቱሎ፣ አሬ ሎስ ኤኼርሲስዮስ» ማለት ይኖርበታል። «ቴርሚኖ» የኢንዲካቲቮ፣ «ቴርሚኔ» የሱብኹንቲቮ ቅርጽ ነው። ዕቅዱን በመጀመሪያው ቅርጽ የጻፈ ተማሪ የሰዋስው ስሕተት ሠራ አይባልም፤ ያቀደውን ሳይሆን የለመደውን ተናገረ እንጂ። ይህም ከስሕተት ይከፋል፤ ዐረፍተ ነገሩ በራሱ ትክክል ስለሆነ አራሚው ሳያየው ሊያልፍ ይችላልና።

ይህ ጽሑፍ ሱብኹንቲቮን ለጀማሪዎች ለማስተማር በሰፊው የሚሠራበትን የማስታወሻ ዝርዝር ከዚህ ጉዳይ አንጻር ይመረምራል። የስፓኒሽ ምሳሌዎቹ በላቲን አሜሪካ አነባበብ በግእዝ ፊደል ተጽፈዋል።

የስድስቱ ፊደላት ዝርዝር

በእንግሊዝኛ በተዘጋጁ የስፓኒሽ ትምህርቶች ዘንድ እጅግ የታወቀው ማስታወሻ «ዊርዶ» የሚለው ነው። ቃሉ የስድስት አርእስት መነሻ ፊደላት ጥምር ነው፤ እነርሱም ምኞት፣ ስሜት፣ ባለቤት አልባ አነጋገር፣ ምክር፣ ጥርጣሬና ክሕደት፣ በመጨረሻም «ኦኻላ» የተባለው የምኞት ቃል ናቸው። ተማሪው በዋናው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከስድስቱ አንዱን ሲያገኝ በጥገኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሱብኹንቲቮን እንዲጠቀም ይነገረዋል።

የዝርዝሩ ጥቅም መካድ የለበትም። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ «እፈልጋለሁ»፣ «እጠራጠራለሁ»፣ «አስፈላጊ ነው» ከመሳሰሉት ቃላት በኋላ የሚመጡትን ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮችም በአብዛኛው በትክክል ይገዛል። የኋላ ታሪክም አለው። አንድሬስ ቤሎ እ.ኤ.አ. በ1847 በቺሊ ባሳተመው ሰዋስው የግስን ሁነታ የተረጎመው ግሱ ከሚገዛው ቃል ወይም ሐረግ ተጽዕኖ አንጻር ነው። ማስታወሻው የዚህ አስተሳሰብ ቀለል ያለ የመማሪያ ክፍል ልጅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ችግሩ የሚጀምረው ዝርዝሩ ከማስታወሻነት አልፎ የትርጉም መግለጫ ሲሆን ነው። ተማሪው ከስድስቱ አርእስት «ሱብኹንቲቮ የስሜትና የጥርጣሬ ቅርጽ ነው» የሚል መደምደሚያ ይዞ ይወጣል። የጥናት ዕቅድ ቋንቋ ይህን መደምደሚያ በሁለት አቅጣጫ ያፈርሰዋል። በአንድ በኩል ምዕራፉን ነገ ጠዋት እንደሚጨርስ ቅንጣት ጥርጥር የሌለው ተማሪም «ኩዋንዶ ቴርሚኔ» ማለት አለበት፤ እርግጠኝነቱ ቅርጹን አይለውጠውም። በሌላ በኩል ጊዜ ማግኘቱን አጥብቆ የሚጠራጠር ተማሪ «ሲ ቴንጎ ቲዬምፖ፣ ኤስቱዲያሬ»፣ ማለትም «ጊዜ ካገኘሁ አጠናለሁ» ይላል። «ቴንጎ» ኢንዲካቲቮ ነው፤ ከ«ሲ» ቀጥሎ የአሁን ጊዜ ሱብኹንቲቮ በእንዲህ ያለ የሁኔታ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አይገባም። ጥርጣሬ ሳይኖር ሱብኹንቲቮ፣ ጥርጣሬ እያለ ኢንዲካቲቮ መጣ ማለት ነው። ማስታወሻውን በእምነት የተከተለ ተማሪ በሁለቱም ቦታ ይሳሳታል።

ሁፐርና ቴረል እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት ትንታኔ ለዚህ የተሻለ መነሻ ይሰጣል። ጥያቄው ተናጋሪው ምን ተሰማው የሚል ሳይሆን በጥገኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ነገር እንደ እውነት ያስረግጣል ወይስ አያስረግጥም የሚል ነው። «ኩዋንዶ ቴርሚኔ» ያልተፈጸመ ድርጊት ስለሆነ እንደተፈጸመ አይረገጥም። የደስታ መግለጫም፣ ድርጊቱ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሱብኹንቲቮን የሚያስከትለው ሰሚው የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ ዜና ስለማይናገር ነው።

የዕቅድ ቃላት ስሞች ብቻ አይደሉም

የጥናት ዕቅድ ቃላት ትምህርት ብዙውን ጊዜ በስሞች ይሞላል፦ «ኦራሪዮ» የሳምንት የጊዜ ሰሌዳ፣ «ፕላሶ» የጊዜ ገደብ፣ «ሜታ» ግብ፣ «ሬፓሶ» ክለሳ። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። ለምሳሌ «ፕላን ዴ ኤስቱዲዮስ» በብዙ ቁጥር ሲነገር አንድ ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ሥርዓተ ትምህርት ነው እንጂ ተማሪ ለራሱ የሚነድፈው ዕቅድ አይደለም። በፈተና መውደቅም በስፔን «ሱስፔንዴር»፣ በላቲን አሜሪካ በአብዛኛው «ሬፕሮባር» ይባላል።

ነገር ግን ዕቅድን ዕቅድ የሚያደርጉት መስተጻምሮች ናቸው። ምን ከምን ይቀድማል፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ ለምን ዓላማ ይሠራል፣ ምን ቢፈጠር ይቋረጣል የሚሉትን የሚያያይዙት «አንቴስ ዴ ኬ» (ከ...በፊት)፣ «አስታ ኬ» (እስከ)፣ «ኤን ኩዋንቶ» (ወዲያው እንደ)፣ «ፓራ ኬ» (እንድ-) እና «አ ሜኖስ ኬ» (ካል... በቀር) ናቸው። ከእነዚህ አንዱም በስድስቱ አርእስት ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ተማሪው ሰዋስውን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ የዕቅድ ቃላትን በሌላ ክፍለ ጊዜ ይማራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን የሚያሳየው የለም።

አማርኛ የሚከፍታቸው በሮች

አማርኛ ተናጋሪው ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲማር የራሱ ቋንቋ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቱን ቋንቋዎች በቀጥታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ቢያንስ ሦስት ክፍት በሮችን ያሳያል።

የመጀመሪያው የአክብሮት ትእዛዝ ነው። በስፓኒሽ «ኡስቴድ» ለሚባል ሰው «ስዬንቴሴ» ሲባል ግሱ የሦስተኛ መደብ ሱብኹንቲቮ ነው። በአማርኛም «እርስዎ» የሚባል ሰው «ይቀመጡ» ይባላል፤ ይህም የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ሁለቱም ተውላጠ ስሞች ከስም የመጡ ናቸው፤ «ኡስቴድ» «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ከሚለው የክብር መጠሪያ፣ «እርስዎ» ደግሞ «ርእስ» ከሚለው ቃል። ሁለቱም ቋንቋዎች የተከበረውን ሰው ፊት ለፊት ከማዘዝ ይልቅ በሦስተኛ መደብ «ይሁን» ይሉለታል።

ሁለተኛው አሉታዊ ትእዛዝ ነው። አማርኛ «ጻፍ» የሚለውን ቅርጽ እንዳለ በአሉታ አይጠቀምበትም፤ «አትጻፍ» ይላል፤ ይህም ከ«ይጻፍ» እና ከ«ልጻፍ» ጋር በአንድ ረድፍ የሚሰለፍ፣ የመደብ ቅጥያ ያለው ቅርጽ ነው። ስፓኒሽም «ኤስክሪቤ» የሚለውን ትእዛዝ በአሉታ ሲያደርግ «ኖ ኤስክሪባስ» ብሎ ወደ ሱብኹንቲቮ ይሻገራል። ምክንያቱን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስቸግርም፤ በራሱ አፍ የሚያደርገው ነው።

ሦስተኛው የባለቤት መለያየት ነው። «ማጥናት እፈልጋለሁ» እና «መምህሩ እንዲያርመኝ እፈልጋለሁ» የሚሉትን ማንም አማርኛ ተናጋሪ አያደባልቅም፤ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ንኡስ አንቀጽ፣ ሲለያይ «እንድ-» ይመጣል። ስፓኒሽም በትክክል እንዲሁ ነው፤ «ኪዬሮ ኤስቱዲያር»፣ «ኪዬሮ ኬ ኤል ፕሮፌሶር ሜ ኮሪኻ»። በዚህ ቦታ «ምኞት» የሚለውን አርእስት ማጥናት አያስፈልግም። «እንድ-» ባለበት ሱብኹንቲቮን መሞከር ለመነሻ ይበቃል።

ዘንድ አንቀጽ የሚለው ስም

እዚህ ላይ የሰዋስው ስያሜ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሱብኹንቲቮን «ዘንድ አንቀጽ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ለግእዝም ይስማማል። በግእዝ «ይቀትል» እና «ይቅትል» በቅርጽ ይለያያሉ፤ «ከመ ይቅትል» የሚለው የዓላማ አነጋገርም ትእዛዝ የሚነገርበትን ያንኑ ቅርጽ ይወስዳል። ይህ ከስፓኒሽ አሠራር ጋር በጣም ይቀራረባል። አማርኛ ግን ቅርጾቹን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። ትእዛዙ «ያጥና» ነው፤ ዓላማው ግን «እንዲያጠና» ወይም «ያጠና ዘንድ» ነው እንጂ «እንዲያጥና» አይደለም። ጥገኛው ግስ ካልዓይ አንቀጽ ሆኖ ይቀራል፤ ከዋናው «ያጠናል» የሚለየው ረዳቱን «አል» በማጣቱ ብቻ ነው። እንደ «ይፈልግ» ባሉ ግሶች ደግሞ ሁለቱ ቅርጾች ስለሚገጥሙ ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም።

ስለዚህ አማርኛ «ዘንድ» የሚል ስም ወርሷል እንጂ የስሙን ባለቤት ቅርጽ በዓላማ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አላቆየም። ስፓኒሽም እንዲህ ያለ ውርስ ያውቃል፤ ኔብሪኻ እ.ኤ.አ. በ1492 በጻፈው ሰዋስው የላቲንን መንገድ ተከትሎ አምስት ሁነታዎችን ሲቆጥር ምኞትን ከሱብኹንቲቮ ለይቶ አስቀምጦት ነበር። ስሞች ከቅርጾች ይልቅ ዕድሜያቸው ይረዝማል። አስተማሪው «ዘንድ አንቀጽ» ሲል የግእዙን ማለቱ ነው ወይስ የአማርኛውን፣ መለየት ይጠበቅበታል፤ አለዚያ ተማሪው አማርኛው የማያሳየውን የቅርጽ ለውጥ በአማርኛው ውስጥ ሲፈልግ ይቆያል።

ግማሽ የተከፈተውና የተዘጋው

የሁኔታ ዐረፍተ ነገር በሩ ግማሽ ክፍት ነው። «ጊዜ ካገኘሁ አጠናለሁ» ከ«ሲ ቴንጎ»፣ «ጊዜ ባገኝ አጠና ነበር» ደግሞ ከ«ሲ ቱቢዬራ ቲዬምፖ፣ ኤስቱዲያሪያ» ጋር ይገጥማሉ። ይሁንና «ቢ-» ብቻውን ምናባዊነትን አያረጋግጥም፤ «ቢመጣ እነግረዋለሁ» የሚቻል ነገር ነው። ፍርዱን የሚሰጠው በዋናው ዐረፍተ ነገር ላይ ያለው «ነበር» ነው።

አንጻራዊው ዐረፍተ ነገርም በሌላ ቁልፍ ይከፈታል። ሕጉን የሚያስረዳ መጽሐፍ፣ የትኛውም ይሁን፣ የሚሻ ሰው በስፓኒሽ «ኡን ሊብሮ ኬ ኤክስፕሊኬ»፣ የሚያውቀውን መጽሐፍ የሚፈልግ ደግሞ «ኤል ሊብሮ ኬ ኤክስፕሊካ» ይላል። አማርኛ ይህን በግሱ ላይ ሳይሆን በእሙርነት ያሳያል፤ «የሚያስረዳ መጽሐፍ እፈልጋለሁ»፣ «የሚያስረዳውን መጽሐፍ እፈልጋለሁ»።

የተዘጋው በር የጊዜ ዐረፍተ ነገር ነው። ከ«ስጨርስ» በተጨማሪ «እስክጨርስ ድረስ» እንመልከት። «እስክጨርስ ድረስ አጠናሁ» እና «እስክጨርስ ድረስ አጠናለሁ» በሚሉት ውስጥ ጥገኛው ግስ ንቅንቅ አይልም። ስፓኒሽ ለተፈጸመው ድርጊት «አስታ ኬ ቴርሚኔ» ብሎ የመጨረሻውን ክፍለ ቃል ያጠብቃል፤ ላልተፈጸመው «አስታ ኬ ቴርሚኔ» ብሎ መካከለኛውን ያጠብቃል። በግእዝ ፊደል ሁለቱ አንድ ሆነው መጻፋቸው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ልዩነቱ የሚኖረው በድምፅ ጫና ላይ ብቻ ስለሆነ በአማርኛ ፊደል ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ ደብተሩ ላይ አያገኘውም። «ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት» የሚለውም ስማዊ ቅርጽ ስላለው «አንቴስ ዴ ኬ ኤምፒዬሴ ኤል ኩርሶ» ለሚለው ሱብኹንቲቮ ምንም ፍንጭ አይሰጥም።

ከዚህ የሚከተለው የማስተማሪያ ቅደም ተከተል ከማስታወሻው የተለየ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ከ«ይቀመጡ» እና ከ«አትጻፍ» ቢጀምር ቅርጹን በሚያውቀው ተግባር ላይ ያገኘዋል። በ«እንድ-» ሲቀጥል ቅርጹን ወደ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ያሻግረዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜና ጉልበት አማርኛ ዝም በሚልባቸው የጊዜ መስተጻምሮች ላይ መዋል አለበት፤ ለዚህም ከጥናት ዕቅድ የተሻለ መልመጃ አይገኝም። ተማሪው በየመስመሩ «ይህ ልማዴ ነው ወይስ ውጥኔ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስገድደዋልና። ስሜትና ጥርጣሬ በመጨረሻ ቢመጡ አይጎዳም። «ያልፋል ብዬ አምናለሁ» እና «ያልፋል ብዬ አላምንም» በሚሉት ውስጥ አማርኛ ግሱን አይለውጥም፤ ያ ትምህርት እንደ አዲስ መማር ያለበት ነው።

ማስታወሻው የተሠራው ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነው፤ ለዚያ ተናጋሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሌላ ምርመራ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ግልጽ ነው። የሚያውቀውን ከዜሮ ያስተምረዋል፤ የማያውቀውን ደግሞ ሳይነግረው ያልፋል። «ስጨርስ» ብሎ ያቀደ ተማሪ በስፓኒሽ ልማዱን ብቻ ተርኮ እንዳይቀር፣ በአካባቢው ቋንቋዎች ላይ የተደረገው ገለጻ ከመዝገብ ወጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል መግባት አለበት።