ጉዱ ካሳ ያላለው ነገር

እህቴ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የጥናት ጽሑፏን ረቂቅ በቴሌግራም ላከችልኝና «አንተ ኮምፒውተር አይደል የምትሠራው? እስቲ የዋቢዎቹን ፎርማት አስተካክልልኝ» አለችኝ። በኛ ቤት ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ዲሽም፣ ፕሪንተርም፣ ዋቢም ያስተካክላል። እሺ አልኳት።

ርዕሱ «አብዮተኛው ጉዱ ካሳ» ይላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ስምንት ዓመት በፊት። የእህቴ ክርክር፣ ጉዱ ካሳ ሥርዓቱ ከነመሠረቱ እንዲናድ የሚሰብክ ገጸ ባሕርይ ነው የሚል ነበር። ዋና ማስረጃዋ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ጉዱ ካሳ ኅብረተሰቡን በድንጋይ ካብ መስሎ ካቡ ይፍረስ ሲል። ምንጩ የአንድ ድረ ገጽ ሊንክ ነው።

የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ሊንኩን ከፈትኩት። ድረ ገጹ ጥቅሱን የወሰደው ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። ቻናሉ ምንጭ አልጻፈም፤ ግን የለጠፈው የስክሪን ፎቶ ስለሆነ ጥግ ላይ የፌስቡክ ስም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ስሙ የኔ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የኢንጂነሪንግ ተማሪ እያለሁ የለጠፍኩት ነው። መጽሐፉን ካነበብኩ ቆይቼ ነበር። ያን ንግግር ከትዝታዬ ጻፍኩት፣ አሳመርኩት፣ የጥቅስ ምልክት አደረግኩበት፣ ከሥሩ «ጉዱ ካሳ» ብዬ ጨረስኩ። ከሺህ በላይ ሰው ሼር አደረገው። ያኔ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ካቡ አለ። ጉዱ ካሳ በእርግጥም የማኅበረሰቡን አቋም ሕይወት እንደሌለው የድንጋይ ካብ ያየዋል፤ የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ የሚኖርበት። ጊዜ ሲረዝም ግን ከታች ያለው ማፈንገጡ አይቀርም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚለው ነው ያስደነገጠኝ፦ ይህ ሆኖ ሁሉም ነገር እንዳይፈርስ፣ አሠራሩ እንደ ጊዜው መሻሻል አለበት። «ይፍረስ» አይልም። እንዳይፈርስ ነው የሚጨነቀው። ሰውየው ራሱ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ከውስጥ ሆኖ ነው። እኔ ከታች ያለው ማፈንገጡን አስታወስኩ፤ ለምን እንደተነገረ ረሳሁት። የረሳሁት ግማሽ ደግሞ የእህቴን ጥናት የሚገለብጠው ግማሽ ነው።

ይሄ የፎርማት ጉዳይ አይደለም። ጉዱ ካሳን አብዮተኛ አድርጎ ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያው ከተነገረለት ዓላማ አልፎ ሄዷል ብሎ መከራከርም ያስኬዳል። ግን ያ ክርክር መጽሐፉ ውስጥ ካለው ቃል መነሳት አለበት። እህቴ እየተከራከረች የነበረው ከሐዲስ ጋር ሳይሆን በሃያ አንድ ዓመቱ ሼር ከሚፈልግ ወንድሟ ጋር ነው።

መምህራን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መፍትሔ «ከኢንተርኔት አትውሰዱ፣ ከመጽሐፍ ውሰዱ» የሚል ነው። አይበቃም። ያ የኔ ጽሑፍ ነገ በአንድ የጥቅሶች ስብስብ ውስጥ ቢታተም ወረቀቱ እውነት አያደርገውም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ይሄ ሰው ይህን ከየት አመጣው?» የሚለው ነው። ገጽ ከጠቀሰ ገጹን ገልጦ ማየት ይቻላል። ካልጠቀሰ መንገዱ እዚያው አለቀ፤ ዶክተርም ይጻፈው፣ ቻናል ይለጥፈው።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ምንጩ ለየትኛው ነገር ምንጭ ነው የሚለው ነው። ጉዱ ካሳ ምን አለ ለሚለው ምንጩ ልብ ወለዱ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ ትረካው መጽሐፉ እንዴት በሕዝብ ጆሮ እንደኖረ ለሚያጠና ሰው ወርቅ ነው፣ ለገጽ ቁጥር ግን አይሆንም። ስለ ሐዲስ ሕይወት ከሆነ የራይዱልፍ ሞልቬር «ብላክ ላየንስ» (እ.ኤ.አ. 1997) አለ። ከኛ በፊት ማን ምን አጠና ለሚለው ታዬ አሰፋና ሽፈራው በቀለ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናቶች ቅኝት አለ። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢኬድ ሌላም ይገኛል። ዊኪፔዲያም ቢሆን በር ነው፤ ገብቶ ከሥር የተጠቀሰውን መፈለግ እንጂ በሩን መጥቀስ አያስፈልግም።

ግን ልጆቹ ላይ ብቻ አንፍረድ፤ ፍለጋው ራሱ ከባድ ነው። ሞክሼ ፊደሎቻችንን አስቡ። «ሐዲስ» የመጀመሪያ ፊደሉ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፣ የመጨረሻው በሁለት፤ 12 አጻጻፍ። «ዓለማየሁ» መጀመሪያው በአራት፣ መጨረሻው በሦስት፤ ሌላ 12። ሙሉ ስሙ 144 አጻጻፍ አለው ማለት ነው። ለኛ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ፊደል በፊደል ለሚያመሳስል ማሽን ግን 144 ሰው ነው። ድሮ በዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ፒዲኤፍ ከሆነማ ዓይን ያነበዋል፣ ፍለጋ አያገኘውም። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ሞክሮ «ምንም ጥናት የለም» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ቢያንስ አራት አምስቱን፣ ከዚያም የላቲን አጻጻፎቹን መሞከር ይገባል።

ስሙ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ዋቢው ላይ ይሰባበራል። የእህቴ ዝርዝር «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ይላል። ዓለማየሁ አባታቸው ናቸው፤ ልብ ወለድ አልጻፉም። የውጭ ስታይሉ የቤተሰብ ስም ስለሚፈልግ ሶፍትዌሩ አባትን ያስቀድማል። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ «ሐዲስ ዓለማየሁ» እንዳለ ይቀመጣል። ዓመቱም እንዲሁ፦ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተባለ 1958 ብቻውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያሳስት ቁጥር ነው። መጽሐፉ ደጋግሞ ስለታተመ ደግሞ የየትኛው ኅትመት ገጽ እንደሆነ መጻፍ ግድ ነው፤ የኔ ቅጂና የእህቴ ቅጂ ገጻቸው አልገጠመም።

ከዝርዝሯ ውስጥ ሁለቱን ጽሑፎች የትም አጣኋቸው። «ከየት አመጣሻቸው?» ስላት ትንሽ ዝም ብላ የኤአይ ቻት እንደሰጣት ነገረችኝ። ርዕሳቸው ያምራል፣ ቅጽና ገጽ አላቸው፤ ግን የሉም። ልቆጣ አልኩና ተውኩት። ማሽኑ ያደረገው እኔ በ2011 ካደረግኩት አይለይም፦ እውነት የሚመስል ነገር፣ በትክክለኛው ምልክት ውስጥ።

ማታ ደውዬ ስለ ካቡ ነገርኳት። ምንጩ እኔ መሆኔን ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ «ማስረከቢያው እኮ አርብ ነው» አለችና ዝም አለች። ሁለት ቀን ያን ምዕራፍ ስታነብ ቆየች። ርዕሱን ቀየረችው፤ አሁን «ጉዱ ካሳ፦ አፍራሽ ወይስ ጠጋኝ?» ይላል። ዋቢዎቹ ከአሥራ ሁለት ወደ ስድስት ወረዱ፤ ስድስቱንም ከፍቼ አይቻቸዋለሁ።

የድሮውን ፖስቴን ፈልጌ ከሥሩ ማረሚያ ጻፍኩ፤ ጉዱ ካሳ ይህን እንዳላለ፣ ያለው ምን እንደሆነ፣ ከነኅትመቱና ከነገጹ። እስካሁን ሦስት ሰው ላይክ አድርጎታል። አንዷ እህቴ ናት።