የስዊስ ልጆች የጤና ኢንሹራንስ፤ ስለ ዋጋ ማወዳደሪያው ሠንጠረዥ የቀረበ ሒስ

በስዊስ አገር በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ ገደማ የፌዴራሉ መንግሥት ለሚመጣው ዓመት የሚከፈለውን የጤና ኢንሹራንስ አረቦን ለሕዝብ ያስታውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ኖቬምበር 30፣ ማለት አንድ ሰው ያለበትን ድርጅት ትቶ ወደ ሌላው ለመዛወር የሚያስታውቅበት ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ፣ የአገሩ ጋዜጦች የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ እያወጡ ለቤተሰቡ ሁሉ ምክር ይሰጣሉ። መንግሥትም በበኩሉ ፕሪሚንፎ የሚባል ማስሊያ አቅርቧል። በእነዚህ ሠንጠረዦች የልጆች ዋጋ ለብቻው በአንድ ዓምድ ይሰፍራል፤ ወላጅም ዓይኑን በዓምዱ ላይ አውርዶ ትንሹን ቁጥር ይመርጣል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ዓምድ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በመጀመሪያ ለሠንጠረዡ የሚገባውን ያህል እንመስክርለት። በ1900 ስዊሶች አስገዳጅ የሕመምና የአደጋ ኢንሹራንስ የሚያቆመውን የመጀመሪያ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ጣሉት። የ1911ዱ ሕግ በ1912 በሕዝብ ድምፅ ሲጸድቅ የሕመም ኢንሹራንስን ለፈቃደኞች ብቻ ተወው። ነገሩ አስገዳጅ የሆነው በዲሴምበር 1994 በመቶ 51.8 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ደግፎት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1996 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በአገሩ የሚኖር ሁሉ፣ ከእኛ አገር ሄዶ በዚያ የሚኖረውም ቢሆን፣ በሦስት ወር ውስጥ መግባት አለበት፤ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ በሦስት ወር ውስጥ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንሱም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። ድርጅቱ ታማሚ ነው ብሎ ልጅን ሊመልስ አይችልም። ከዚህ ከመሠረታዊው ኢንሹራንስ ትርፍ እንዲያወጣም አልተፈቀደለትም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚሰጠው ሕክምና በሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ በድርጅቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ሱቅ በሁለት ዋጋ ሲሸጥ ርካሹን መግዛት ነውር የለበትም። እስከዚህ ድረስ ጋዜጦቹ ትክክል ናቸው።

ግን ዕቃው አንድ ከሆነ ዋጋው ስለ ምን ተለያየ? ሠንጠረዡ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። አንባቢው ግን በልቡ መልሱን ሰጥቶታል፤ ርካሹ ድርጅት በደንብ የሚተዳደር፣ ውዱ ድርጅት ገንዘብ የሚያባክን ይመስለዋል። ለአካለ መጠን በደረሱ ሰዎች ረገድ ይህ ግምት ጥቂት መሠረት አለው፤ ምክንያቱም ሕጉ በድርጅቶች መካከል የአደጋ ማካካሻ አቁሟል፤ ጤነኞች የበዙለት ድርጅት ሕመምተኞች ለበዙበት ገንዘብ ያስተላልፋል። ልጆች ግን በዚህ ማካካሻ ውስጥ አይቆጠሩም። ስለዚህ በልጆች ዓምድ ውስጥ የሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ የአስተዳደር ብቃት፣ ምን ያህሉ ድርጅቱ የደረሱት ልጆች ጤነኛ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል፣ ምን ያህሉስ በርካሽ የልጅ ዋጋ ወላጆቹን ለመሳብ የተደረገ ዘዴ እንደ ሆነ ከቁጥሩ ሊለይ አይቻልም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን «መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄው የሚጠይቀውን ጻፉ» ይሉን ነበር፤ የማወዳደሪያው አዘጋጆች ይህን ደንብ የያዙ አይመስሉም።

ጋዜጦቹ በትልቅ ፊደል የሚያትሙት የአገር አማካይም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ለ2025 የልጅ አማካይ አረቦን በወር 117.90 ፍራንክ፣ ከ19 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች 314.10፣ ከዚያ በላይ ላሉት 449.20 ፍራንክ ተብሎ ተነገረ። ነገር ግን አረቦኑ በየካንቶኑ የተለያየ ነው፤ በአንዳንዱ ካንቶን ውስጥም እስከ ሦስት የሚደርሱ የዋጋ ክልሎች አሉ። ጄኔቭ፣ ባዝል ከተማና ቲቺኖ ከውዶቹ መካከል ሲሆኑ በተራራው ላይ ያለችው ትንሺቱ አፔንዜል ኢነርሮደን ከርካሾቹ አንዷ ናት። አማካዩ የየትኛውም ልጅ ዋጋ አይደለም። ደግሞም በአሁኑ አሠራር አማካዩ ልዩ ልዩ ውል የመረጡትን ሁሉ ቀላቅሎ የሚሰላ ስለ ሆነ፣ ከሕክምናው ወጪ የመጀመሪያውን 2,500 ፍራንክ ከኪሳቸው ለመክፈል የፈቀዱ ጎልማሶች ርካሽ ዋጋም በ449.20 ውስጥ ገብቶ አሳንሶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እርሱም ሠንጠረዡ አረቦንን ዋጋ ብሎ መጥራቱ ነው። አረቦን የዋጋው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስዊሶች ፍራንሺዝ የሚሉት፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ አለ፤ ለጎልማሳ ቢያንስ 300 ፍራንክ ነው። ከዚያ በላይ ካለው ወጪ ደግሞ ከመቶ ዐሥር እጅ፣ በዓመት እስከ 700 ፍራንክ ድረስ፣ ይከፍላል። ለልጅ ሕጉ ርኅራኄ አድርጓል፤ ፍራንሺዝ የለበትም፣ የዐሥር እጁም ጣራ 350 ፍራንክ ነው፣ ሆስፒታል ሲተኛም ጎልማሳ በቀን የሚከፍለውን 15 ፍራንክ አይጠየቅም። ሆኖም ወላጁ ከፈለገ ለልጁ ከ100 እስከ 600 ፍራንክ የሚደርስ ፍራንሺዝ መርጦ አረቦኑን ማስቀነስ ይችላል፤ በሠንጠረዡ ላይ ዓይን የሚማርኩት ትንንሽ ቁጥሮችም አንዳንድ ጊዜ የዚህ ምርጫ ውጤት ናቸው።

ይህ ምርጫ ይጠቅማልን? በቀላል ሒሳብ ሊፈተን ይችላል። በደንቡ መሠረት ቅናሹ ወላጁ በራሱ ላይ ከወሰደው ተጨማሪ አደጋ ከመቶ 70 ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ 600 ፍራንክ የመረጠ ወላጅ ቢበዛ በዓመት 420 ፍራንክ ይቆጥባል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሐኪም ዘንድ ካልሄደ ይህ ንጹሕ ትርፍ ነው። የልጁ ሕክምና 600 ፍራንክ ቢፈጅ ግን፣ ፍራንሺዝ የሌለው ልጅ 60 ፍራንክ ሲከፍል ይኸኛው ሙሉውን 600 ይከፍላል፤ ልዩነቱ 540 ስለ ሆነ የተቆጠበው 420 ሄዶ ሌላ 120 ፍራንክ ይጠፋል። ከባድ ሕመም ከመጣ ኪሳራው 180 ይደርሳል። ሁለቱ መንገዶች የሚተካከሉት የዓመቱ ወጪ 467 ፍራንክ ገደማ ሲሆን ነው። ቅናሹ ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ መተካከያው ከዚህም ዝቅ ይላል። ጆሮውን ደጋግሞ የሚያመው ወይም አንድ ጊዜ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ይህን መስመር በቀላሉ ያልፋል፤ የልጅ አደጋም፣ አሠሪ ኢንሹራንስ እንደሚገባለት ሠራተኛ ሳይሆን፣ የሚታከመው በዚሁ በጤና ኢንሹራንስ ነው። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ከአንድ ገጽ በላይ አያስፈልግም፤ ከሠንጠረዡ ጎን ግን አይታተምም።

ስለ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የተጻፈው አንቀጽም ሊታይ የሚገባው ነው። ሕጉ በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በጠቅላላ ከአንድ ጎልማሳ ፍራንሺዝና የዐሥር እጅ ጣራ፣ ማለት ከ1,000 ፍራንክ፣ በላይ እንዳይከፍሉ ይላል። ሲነበብ ትልቅ ችሮታ ይመስላል። ነገር ግን ፍራንሺዝ የሌላቸው ሁለት ልጆች ቢበዛ 700 ፍራንክ ስለሚከፍሉ አንቀጹ አይደርስባቸውም። ሦስት ልጆች 1,050 ይደርሳሉና ችሮታው 50 ፍራንክ ነው፤ እርሱም ሦስቱም በአንድ ዓመት እስከ ጣራው ድረስ ከታመሙ ብቻ! አራት ልጆች ያሉት ቤት ብቻ 400 ፍራንክ ሊድንለት ይችላል። ስለዚህ «ልጆችህን ሁሉ በአንድ ድርጅት አኑር» የሚለው የተለመደ ምክር ለአብዛኛው ቤተሰብ ያን ያህል ክብደት የለውም።

ስለ ሕክምናው ዓይነት በአጭሩ ልለፍ። የጥርስ ሕክምና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከመሠረታዊው ኢንሹራንስ ውጭ ነው፤ ለልጅ መነጽር በዓመት 180 ፍራንክ ይሰጣል። በሌላ በኩል ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣውን ጉዳት፣ በመንግሥቱ ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ከሆነ፣ እስከ 20 ዓመቱ የሚያሳክመው ሌላ ተቋም፣ የአካል ጉዳተኞች ኢንሹራንስ ነው። የልጅ አረቦን ለስሌት የሚመች ሆኖ የሚገኘው በከፊል ከባዱ ሸክም በሌላ ጫንቃ ላይ ስላረፈ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሠንጠረዡ ድርጅትን ከድርጅት ብቻ እንጂ አረቦንን ከገቢ ጋር አለማወዳደሩ ነው። የስዊስ አረቦን የሚቆጠረው በነፍስ ወከፍ ነው። በ2025ቱ አማካይ እንኳ ብንሄድ፣ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች በወር 1,252.10፣ በዓመት 15,025.20 ፍራንክ ይከፍላሉ። በዓመት 90,000 ፍራንክ የሚያገኝ ቤት ከገቢው በመቶ 16.7 ያህሉን ሲሰጥ፣ 300,000 የሚያገኘው በመቶ 5 ብቻ ይሰጣል። በጎረቤቲቱ በጀርመን፣ በሕጋዊው ኢንሹራንስ ውስጥ መዋጮው ከደመወዝ በመቶኛ የሚነሣ ሲሆን፣ ልጆች በወላጃቸው ስም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባሉ። ወላጅ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ቢዘዋወር ከልጁ አረቦን ጥቂት ፍራንክ ይቀንሳል፤ የቆጠራው መንገድ ግን እንዳለ ይቆያል።

ስዊሶችም ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። በ2010 የምክር ቤት አባል ሩት ሁምቤል ልጆች ከአረቦን ነጻ ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2017 የወጣው ሕግ ነጻ አላደረጋቸውም፤ ካንቶኖች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ከልጆች አረቦን ቢያንስ በመቶ 80፣ በትምህርት ላይ ላሉ ወጣቶች ቢያንስ በመቶ 50 እንዲቀንሱ አዘዘ። ሕጉ በ2019 ጸና፤ ለካንቶኖችም የሁለት ዓመት ፋታ ተሰጣቸው። ጥሩ ሕግ ነው። ከላይ በጠቀስነው ቤተሰብ ላይ ቢሠራ የሦስቱ ልጆች 353.70 ፍራንክ ወደ 70.74 ይወርዳል። ይህም በዓመት 3,400 ፍራንክ ያህል ነው። ነገር ግን «መካከለኛ ገቢ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚወስነው ካንቶኑ ነው፤ ውዝግቡም ከዚህ ይነሣል። የሉሰርን ካንቶን ለ2017 የገቢውን ጣራ ወደ 54,000 ፍራንክ ባወረደ ጊዜ ነገሩ እስከ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በጃንዋሪ 2019 ጣራው ከሕጉ መንፈስ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ። በሌላው ጫፍ የቮ ካንቶን በዚያው በ2019 አረቦን ከገቢ በመቶ 10 እንዳይበልጥ አደረገ። ይህንኑ ለአገሩ ሁሉ ለማድረግ የቀረበውን ሐሳብ ግን ሕዝቡ በጁን 2024 በመቶ 55.5 ድምፅ ጣለው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ገቢ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች፣ አንዱ በሎዛን ሌላው በሉሰርን ቢኖሩ፣ ለልጆቻቸው በእውነት የሚከፍሉት ከማንኛውም የድርጅቶች ልዩነት ይልቅ በካንቶናቸው ሕግ ሊወሰን ይችላል። ሠንጠረዡ ለዚህ ዓምድ የለውም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ጊዜ። ሠንጠረዡ አንድን ዓመት ብቻ ያያል፤ ልጅ ግን ያድጋል። 18 ዓመት ከሞላበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጃንዋሪ 1 ቀን፣ በ2025ቱ አማካይ ብንሄድ፣ ከ117.90 ዓምድ ወጥቶ ወደ 314.10 ዓምድ ይሻገራል፤ በወር 196.20 ፍራንክ ይጨመርበታል፣ የ300 ፍራንኩ ፍራንሺዝና የ700ው ጣራም አብረው ይመጣሉ። ብዙው ወጣት በዚያ ዕድሜ ገና ተማሪ ወይም የሙያ ሠልጣኝ ነው። ከ2024 በፊት ደግሞ የባሰ ነበር፤ ወላጆቹ ያልከፈሉት የልጅነቱ አረቦን ለአካለ መጠን በደረሰ ማግሥት በእርሱ ላይ እንደ ዕዳ ሊጠየቅ ይችል ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ የዚህ ዕዳ ባለቤቶች ወላጆች ብቻ እንዲሆኑ አደረገ፤ ባልከፈሉ ሰዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥም ልጅ እንዳይጻፍ ከለከለ። ከ18 ዓመቱ በኋላ ላለው አረቦን ግን ወጣቱ፣ ደመወዝ ኖረው አልኖረው፣ ባለዕዳው ራሱ ነው።