ቃሉና እንቅስቃሴው፦ ለጀማሪዎች የተጻፈ የታይ ቺ መምሪያ በሕክምና ዓይን ሲመዘን

አእምሮንና አካልን አቀናጅተው የሚያሠሩ የእንቅስቃሴ ልማዶች፣ በተለይም ከቻይና የመጡት ታይ ቺና ቺጎንግ፣ ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ መጻሕፍት አማካይነት በዓለም ዙሪያ ተሰራጭተዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አሳብ አለ፤ በሰው አካል ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል በመስመሮች ይዘዋወራል፣ ሲታገድ ሕመም፣ ሲለቀቅ ጤና ይሆናል የሚል ነው። ይህን የሚያነብ የጤና ባለሙያ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። አንደኛው በቃሉ ተቆጥቶ እንቅስቃሴውንም አብሮ መጣል ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ እንቅስቃሴው ጥቅም ሲባል ቃሉንም እንደ ሳይንስ መቀበል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ዶክተር ፒተር ዌይን ከማርክ ፉርስት ጋር ያዘጋጁት፣ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትን ስም የያዘው የታይ ቺ መምሪያ ከሁለቱም ስሕተቶች ለመራቅ የጣረ በመሆኑ ሊመዘን የሚገባው ነው። ዌይን ተመራማሪም የታይ ቺ መምህርም ናቸው። መጽሐፉ ለጀማሪ የ12 ሳምንት ልምምድ ያቀርባል፤ የታይ ቺን ጥቅምም በ8 «አንቀሳቃሽ ንጥረ ነገሮች» ከፍሎ ያስረዳል።

ስለ ቃሉ

አስቀድሞ የስሙ ነገር መጥራት አለበት። በታይ ቺ ውስጥ ያለው «ቺ» እና የአካል ኃይል ነው የሚባለው «ቺ» በቻይንኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የሚጻፉበትም ምልክት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ጫፍ ወይም ዳርቻ እንደ ማለት ሲሆን፣ ታይ ቺም ከፍልስፍና የተወሰደ «ታላቁ ጫፍ» የሚል ስም ነው። ሁለተኛው፣ በቺጎንግ ውስጥ የሚገኘው፣ አየር፣ ትንፋሽ፣ እንፋሎት የሚል ትርጉም አለው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ስለሚመስሉ ጀማሪው ታይ ቺን «ታላቅ ኃይል» ብሎ ቢተረጉመው አያስደንቅም።

ትንፋሽ ማለት የነበረ ቃል እንዴት የሕይወት ኃይል መጠሪያ እንደ ሆነ ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነፋስ፣ እስትንፋስና ነፍስ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። የጥንት ሰው ሟቹ መተንፈስ ሲያቆም አይቶ ሦስቱን አዛመደ፤ ምልከታውም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ የሳንባን አቅም በመሣሪያ የለካ ሐኪም ነፍስን ለካሁ አይልም። «ቺ»ም ሰው በአካሉ የሚሰማውን ለመግለጽ የተፈጠረ ቃል እንጂ መጠኑ ተለክቶ የሚታወቅ ነገር ስም አይደለም።

ጥንታዊነቱም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት። የእነዚህ ልማዶች ሥር ረጅም ዕድሜ እንዳለው አያጠራጥርም። ይሁንና ቺጎንግ የሚለው ስም እንደ ሕክምና ዘርፍ መጠሪያ የተስፋፋው በ1950ዎቹ በቻይና የጤና ተቋማት ነው። ለጀማሪዎች በሰፊው የሚሰጠው ባለ 24 እንቅስቃሴ ታይ ቺም እ.ኤ.አ. በ1956 በቻይና የስፖርት ኮሚሽን የተቀናበረ ነው። እንግዲህ ጀማሪው የሚማረው ቅንብር ፔኒሲሊን በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የመጣ ነው፤ «ሺህ ዓመታት የፈተኑት» መባሉ በራሱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ኃይል ሲለካ

በሕክምና ኃይል የሚለካ ነገር ነው። ሕዋሳት ከምግብ ያገኙትን ኃይል በኤቲፒ አማካይነት ይጠቀሙበታል። በታይ ቺ ጊዜ የሚወጣው ኃይል በእረፍት ጊዜ ከሚወጣው በግምት 3 እጥፍ ሲሆን፣ ይህም ሳይቸኩሉ ከሚደረግ የእግር ጉዞ ጋር ይቀራረባል።

ከሰው አካል የሚወጣ ልዩ የኃይል መስክ በእጅ ይታወቃል የሚለው አባባልም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመውን ጥናት የነደፈችው ኤሚሊ ሮዛ ሙከራውን ስትጀምር የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። በሽተኛውን ሳይነኩ የኃይል መስኩን በእጃቸው እንደሚያስተካክሉ የሚናገሩ 21 ባለሙያዎች እጆቻቸውን ከከለላ ጀርባ ዘርግተው የልጅቷ እጅ ወደ የትኛው እጃቸው እንደ ቀረበ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ከ280 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 123 ወይም 44 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህም በግምት ብቻ ከሚጠበቀው ግማሽ ያነሰ ነው። ጥናቱ የፈተነው ታይ ቺን አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ የጀማሪዎች መጻሕፍት የሚደገፉበትን ተመሳሳይ አሳብ ፈትኖታል።

ታዲያ ጀማሪው በመዳፉ የሚሰማው ሙቀትና ውርር የማለት ስሜት ሐሰት ነውን? አይደለም። ሰው ሲረጋጋ የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ መዳፍም ይሞቃል። ትኩረት ወደ አንድ የአካል ክፍል ሲዞር ቀድሞ ያልተስተዋለው ስሜት ይጎላል። ከልክ በላይ በጥልቀት የሚተነፍስ ሰው ደግሞ የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣቶቹን ይወረዋል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው የተሰጠው ማብራሪያ ነው።

አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ማብራሪያ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግር መደንዘዝ የነርቭ ጉዳትን ሊያመለክት ይችላል። በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚመጣ የደረት መጨነቅ የልብ ደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። «የታገደው ኃይልህ እየተከፈተ ነው» የተባለ ጀማሪ ግን ወደ ጤና ተቋም በመሄድ ፈንታ ልምምዱን ይጨምራል፤ ሲከፋም መድኃኒቱን ያቋርጣል።

ማስረጃው ምን ይላል?

የእንቅስቃሴው ጥቅም ያለ ቃሉ ድጋፍ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን በ3 ቡድን ከፍሎ ለ24 ሳምንታት አከታትሏል። ታይ ቺ የሠሩት በሚዛን መጠበቅ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች በልጠው ተገኙ። የወደቁባቸው ጊዜያትም አካል በማሳሳብ ብቻ ከተሠማሩት ያነሱ ነበሩ፤ ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የመውደቅ ስጋት ባለባቸው፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ በሆነ 670 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለሚዛን ታስቦ የተዘጋጀ ታይ ቺ መውደቅን ከማሳሳብ ልምምድ ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀንሷል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ታይ ቺ መውደቅን በ19 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገልጾ የማስረጃውን እርግጠኝነት ዝቅተኛ ብሎታል። የሚዛንና የዕለት ተዕለት ተግባር ልምምዶች የቀነሱት ግን በ24 በመቶ ነበር፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ታይ ቺ ጠቃሚ እንቅስቃሴ ነው፣ ብቸኛው ግን አይደለም የሚል ነው።

መጽሐፉ የት ይጸናል፣ የት ይላላል?

የዌይን መጽሐፍ ትልቁ ውለታ «ቺ» የሚለውን አንድ ድፍን ቃል መበተኑ ነው። ትኩረት፣ ተስፋና እምነት፣ የአካል አቋም፣ መዝናናት፣ የጡንቻ ጥንካሬና መተጣጠፍ፣ አተነፋፈስ፣ የሰዎች መሰባሰብ፣ መንፈሳዊ ትርጉም እያንዳንዳቸው በየስማቸው ተጠርተዋል። በዚህ መንገድ አስተማሪው «ቺህን ወደ ታች አውርድ» ሲል ሐኪሙ ትከሻን ማላላት፣ ጉልበትን በመጠኑ ማጠፍና ክብደትን በእግር ላይ ማሳረፍ እንደ ሆነ ይረዳል። ቃሉ ለማስተማሪያነት ጥሩ መሣሪያ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ዝርዝር ይነሣል። ጥናቶቹ የመረመሩት ጥቅሉን በመሆኑ ከ8ቱ እያንዳንዱ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው አይታወቅም፤ ዝርዝሩም ገና ያልተፈተነ መላ ምት ሆኖ ይቀራል። ተስፋና እምነት እንደ አንድ ንጥረ ነገር ሲቈጠሩም ሌላ ችግር ይመጣል። በመድኃኒት ጥናት ፕላሴቦ የሚሰጠው የተስፋን ድርሻ ለይቶ ለማውጣት ነው። ታይ ቺ የሚሠራ ሰው ግን ምን እየሠራ እንደ ሆነ ሊሸሸግበት አይቻልም። ተስፋን በጥቅሙ ውስጥ መቍጠር ለሕመም ስሜትና ለድካም ያስኬድ ይሆናል፤ ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ግን ማስረጃው በመሣሪያ ተለክቶ ሊቀርብ ይገባዋል። ጀማሪው አንባቢ ይህን ልዩነት በራሱ ሊያወጣው ስለማይችል በግልጽ ሊነገረው ያስፈልጋል።

ለጤና ባለሙያው

የታይ ቺ መምህር በሌለበት ጤና ጣቢያም ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ግድግዳ ወይም ጠንካራ ወንበር ይዞ ክብደትን ከእግር ወደ እግር በቀስታ ማዛወር፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ተረከዝን ከጣት አስከትሎ መራመድ ምንም ዓይነት ኃይል እንዲታመንበት አይጠይቅም። ከዚያ በፊት ግን ታማሚው ሲቆም የደም ግፊቱ እንደሚወርድና እንደማይወርድ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች እንደሚያዞሩትና እንደማያዞሩት መታየት አለበት። መድኃኒቱም በልምምዱ እንደማይተካ በግልጽ ይነገረው።

በአማርኛ ጉልበት የመገጣጠሚያው ስም ነው፤ የብርታትም ስም ነው። «ጉልበቴ ከዳኝ» ብለው የሚመጡ እናት ስለ የትኛው እንደሚናገሩ ሳይጠየቁ ሊታወቅ አይችልም። የመገጣጠሚያ መጎሳቆል ሊሆን ይችላል፤ የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ድካም፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም የመንፈስ ጭንቀትም ሊሆን ይችላል። «ኃይልዎ ታግዷል» የሚል መልስ ይህን ሁሉ ጥያቄ ይዘጋዋል። ባለሙያው ግን መጠየቁን፣ መመርመሩንና መለካቱን ይቀጥላል፤ ምክንያቱ ሲታወቅም፣ ለሕመሙ የሚስማማ ሲሆን፣ እንቅስቃሴውን ከመድኃኒቱ ጋር ያዝዛል።