«እንዲችል» የሚለው ቃል በሥነ ሕይወት ትምህርት

ስለ እንስሳት አካልና አመጋገብ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ተዘውትሮ የሚገኝ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም «ቀጭኔ የረጅም ዛፍ ቅጠል ለመብላት እንድትችል አንገቷ ረዘመ» የሚል ነው። ለማስታወስ ይቀላል፤ ለፈተናም ይመቻል። ነገር ግን የአንድን አካል ጥቅም አካሉ ከተገኘበት ምክንያት ጋር ያምታታል። በቋንቋችን «እንዲችል» እና «ይችል ዘንድ» የሚሉት አነጋገሮች ዓላማን ስለሚያመለክቱ፣ ተማሪው እንስሳው ራሱ ዐቅዶ አካሉን የለወጠ ይመስለዋል።

የስሕተቱን መጠን ለመረዳት በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ዳፍኔ ሜጀር በምትባለው ትንሽ ደሴት የተደረገውን ጥናት መመልከት ይበቃል። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉት ተመራማሪዎች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊንች የተባሉትን ዘር በል ወፎች እየያዙ ምንቃራቸውን ይለኩ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ድርቅ ሆነ። ጥቃቅኑ ዘር ተለቅሞ አለቀ፤ የቀረው በአብዛኛው ትልቅና ጠንካራ ነበር። ጥናቱ ካተኮረበት ዝርያ ከመቶ 85 ያህሉ ጠፉ፤ ከተረፉትም የሚበዙት ቀድሞውኑ ወፍራም ምንቃር የነበራቸው ናቸው። ልብ እንበል፤ በድርቁ ምክንያት ምንቃሯ የወፈረላት አንዲት ወፍ እንኳ የለችም። የወፈረው የትውልዱ አማካይ ልክ ነው፤ ጫጩቶቹ የተረፉትን ወላጆቻቸውን መልክ ወርሰዋልና። በ1982 እና 1983 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጥቃቅኑ ዘር በበዛ ጊዜ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዕድሉ ትንሽ ምንቃር ላላቸው ሆነ። ዓላማ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ወደ ኋላ ባልተመለሰ ነበር።

ሁለተኛው ነቀፌታችን «አዛምድ» በሚለው መልመጃ ላይ ነው። በአንድ ወገን ምግብ፣ በሌላው ወገን አካል ይደረደራል፤ ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ አካል ብቻ ያለ ይመስላል። በሰሜን ተራሮች የምትኖረው ጭላዳና የገበሬው ላም ሁለቱም ሣር በል ናቸው። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም፤ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጫለች፣ ከዋጠችም በኋላ መልሳ ታመነዥካለች። ጭላዳ ግን ቁጭ ብላ፣ አጭር ሌባ ጣቷን ከአውራ ጣቷ ጋር እያገጠመች ሣሩን ዘለላ በዘለላ ትለቅማለች፤ አታመነዥክም። እጇም ሣር ለመንቀል ተብሎ እንደ አዲስ የተሠራ ሳይሆን፣ ከዝንጀሮ ዘመዶቿ ጋር የምትጋራው፣ የጣቶቹ መጠን ጥቂት የተለወጠ እጅ ነው። እንግዲህ ሣር ከየትኛው አካል ጋር ሊዛመድ ነው? ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ የላሟን ነገር ከመጽሐፉ አስቀድሞ ያውቃል፤ መልመጃው ግን ይህን ዕውቀቱን አይጠይቀውም።

ስለዚህ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ መጠነኛ ነው። «እንድትችል አንገቷ ረዘመ» በሚለው ፋንታ «አንገቷ ረጅም በመሆኑ ትደርሳለች» ተብሎ ይጻፍ። የርዝመቱ ምክንያት ራሱን በቻለ ሌላ ትምህርት ይሰጥ፤ ለዚያም የዳፍኔ ሜጀር ወፎች የምንቃር ልክ በሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ቢቀርብ፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ተማሪዎች አማካዩን ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ።