ማንም ሳያየው፦ ስለ «ሆቢቱ» የልጆች ልብ ወለድ

የፈተና ወረቀት ማረም ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ለመንገር መሞከር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪንም ትምህርት በሚዘጋባቸው ወራት ለቤተሰቡ መደጎሚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወረቀት ያርም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከተፈታኞቹ አንዱ አንዱን ገጽ ባዶውን ትቶት ያገኛል። የሚታረም ነገር የለበትምና ደስ ይለዋል። በዚያ ባዶ ገጽ ላይም ጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር «ሆቢት» ስለሚባል ፍጡር አንዲት ዓረፍተ ነገር ጫረ። ሆቢት ምን እንደሆነ ግን ጸሐፊው ራሱ ገና አያውቅም ነበር።

ከዚያች ዓረፍተ ነገር የተወለደው «ሆቢቱ» የተሰኘው የልጆች ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1937 እንግሊዝ አገር ታተመ። በመጀመሪያ የታተመው 1,500 ቅጂ ዓመቱ ሳያልቅ ተሸጦ አለቀ። አሳታሚው ስታንሊ አንዊን ረቂቁን ያስገመገመው ለምሁር ሰጥቶ አልነበረም፤ ሬይነር ለተባለው የ10 ዓመት ልጁ አንድ ሺሊንግ ከፍሎ አስተያየቱን አስጻፈው። ልጁም መጽሐፉ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉትን ልጆች ሁሉ ያስደስታል ሲል ፈረደ። እሱ 10 ዓመት ሞልቶታልና ራሱን ከልጆቹ ጋር አልደመረም መሰለን! ፍርዱ ግን ትክክል ነበር፤ ከ85 ዓመት በላይ ካለፈም በኋላ መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ይነበባል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ምንድን ነው? ታሪኩን ላላነበቡት በአጭሩ እንናገር። ቢልቦ ባጊንስ ዕድሜው 50 የደረሰ፣ ቁመቱ ከሰው ቁመት ግማሽ ያህል የሆነ፣ ከሁሉ አስበልጦ ቁርሱንና ምቾቱን የሚወድ ሆቢት ነው። ጋንዳልፍ የተባለ አስማተኛ 13 ድንኮች አስከትሎ ቤቱ ይመጣና፣ ስማውግ የሚባል ዘንዶ የነጠቃቸውን ተራራና ወርቅ ለማስመለስ በሚያደርጉት ጉዞ ሌባ ሆኖ እንዲያገለግላቸው ያስቀጥረዋል። ቢልቦ ባርኔጣና መሐረብ እንኳ ሳይዝ በሩጫ ከቤቱ ይወጣል።

ዘንዶውና ወርቁ ልጅን ይስባሉ ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዘንዶና ወርቅ በሌሎች ብዙ ተረቶችም ውስጥ አሉ። ጽዋ ተሰርቆበት የሚቆጣው ዘንዶ፣ ደራሲው ሲያስተምረው ከኖረው «ቤኦውልፍ» ከተባለው ጥንታዊ ግጥም የመጣ ነው፤ የድንኮቹም ስሞች የተቀዱት ከጥንታዊ የኖርዲክ ግጥም ነው። እንግዲህ አዲሱ ነገር ከዕቃው ላይ አይገኝም። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ኃይል ሌላ ቦታ ነው። ቢልቦ ታላላቅ ውሳኔዎቹን የሚወስነው ማንም በማያየው ቦታ ነው።

ለምሳሌ ወደ ዘንዶው የሚወርድበትን ዋሻ እንውሰድ። ከድንኮቹ አንዱ ጥቂት ሸኝቶት ይመለሳል፤ ሌሎቹ በር ላይ ቀርተዋል። ቢልቦ በጨለማው ውስጥ ብቻውን ሲወርድ ሙቀት ይሰማዋል፤ ከፊቱ ቀይ ብርሃን ይታየዋል፤ ቀጥሎም የተኛው አውሬ ማንኮራፋት ይሰማል። እዚያ ላይ ይቆማል። ደራሲው ከዚያ ቆሞ እንደገና እግሩን ማንሳቱን ከጀግንነት ሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥ አድርጎ ይቆጥርለታል። ዘንዶው ገና አልታየም፤ ሰይፍም አልተመዘዘም። ጦርነቱ ያለቀው በዋሻው ውስጥ ነው። ይህን የጻፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ጦር ሜዳ በምሽግ ውስጥ የነበረ ወታደር መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይከብደናል። ማታ ውጭ ወጥቶ ውኃ ቅዳ የተባለ ልጅም ደጃፍ ላይ እንዲሁ ቆሞ ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ከተማሪዎች ጋር ልናነበው የሚገባን ምዕራፍ አምስተኛው ነው። ቢልቦ ከተራራ ሥር ጠፍቶ ሳለ አንድ ቀለበት በእጁ ዳስሶ ያገኝና ኪሱ ይከተዋል። ቀጥሎ ጎለም ከተባለ የጨለማ ፍጡር ጋር እንቆቅልሽ ይጋጠማል። በእኛ አገር እንቆቅልሽ ያልተመለሰለት ጠያቂ «አገር ስጠኝ» ብሎ አገር ይቀበላል፤ በቢልቦ ጨዋታ ግን የሚሰጠው አገር ነፍሱ ናት። ጥያቄ ሲያልቅበት ቢልቦ በድንጋጤ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቃል። ጎለም ሊመልስ አልቻለም፤ ቢልቦም አሸነፈ። ይሁንና ይህ እንቆቅልሽ ነውን?

ደራሲው ራሱ በዚህ ምዕራፍ ሰላም አላገኘም። በመጀመሪያው እትም ጎለም ቃሉን የሚጠብቅ ተጫዋች ነበር፤ ቀለበቱን ሊሸልም ቃል ገብቶ ስለጠፋበት ይቅርታ ይጠይቅና መንገዱን ያሳያል። ቢልቦም ቀለበቱ ኪሱ ውስጥ እያለ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው እትም ቶልኪን ይህን ለወጠው፤ ጎለም ሊገድለው ያሳድደዋል፤ ቢልቦም በቀለበቱ ተሰውሮ፣ ሰይፍ በእጁ ይዞ ከጎለም ጀርባ ይቆማል። ወግቶ ማምለጥ ይችላል፤ የሚያየውም የለም። ግን የፍጡሩን ብቸኝነት ያስብና ያዝናል፤ በላዩ ዘሎ ያልፋል። ከዚህ የሚገርመው፣ ደራሲው በኋላ በጻፈው «የቀለበቶቹ ጌታ» መግቢያ ላይ የድሮውን ታሪክ ቢልቦ ለጓደኞቹ የተናገረው ውሸት አድርጎ ማቅረቡ ነው። ጀግናውን ከስህተቱ አላነጻውም፤ ውሸቱን የታሪኩ ክፍል አደረገው።

በመጨረሻው ክፍልም እንዲሁ ነው። የድንኮቹ አለቃ ቶሪን በወርቅ ፍቅር ታውሮ ለተጎዱት የሐይቅ ከተማ ሰዎች አልሰጥም ሲል፣ ቢልቦ ደብቆ የያዘውን እጅግ የከበረ ድንጋይ በሌሊት ለከበቧቸው ወገኖች አሳልፎ ይሰጣል፤ ሰላም እንዲወርድ ነው። ቀጥሎም እዚያው መቅረት ሲችል ወደ ጓደኞቹ ተመልሶ ቁጣቸውን ይቀበላል። ከዳተኛ ነው? አስታራቂ ነው? መጽሐፉ አይፈርድም። ዘንዶውንም የሚገድለው ቢልቦ አይደለም፤ ባርድ የሚባል ቀስተኛ ነው። በታላቁ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጀግናችን ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ይተኛል! እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በሦስት ክፍል የወጣውን ፊልም ያዩ ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ይገረማሉ፤ ሦስተኛው ፊልም በአብዛኛው ጦርነት ነውና።

ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። በመግቢያው ምዕራፎች ደራሲው ልጆችን ከላይ ሆኖ እንደሚያባብል ሰው ይናገራል፤ እሱም ቆይቶ በዚህ ተጸጽቷል። ጎብሊኖች የተባሉት ፍጡራን በሙሉ ክፉ ሆነው መፈጠራቸው ለቢልቦ ከተሰጠው ጥልቀት ጋር አይሄድም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ አንድ ቃል አለመናገሯ ነው። የቢልቦ እናት ብትነሳም በትዝታ ብቻ ነው። ከዕጩ መምህራኖቻችን አንዷ፣ «እኔ ቢልቦን ሆኜ ነው ያነበብሁት፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?» ስትለን መልስ አልነበረንም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት እንናዘዝ። መጽሐፉን በመጀመሪያ ጊዜ ለክፍል ባቀረብንበት ዓመት የ13ቱን ድንኮች ስም በቃል አስጠንተን ፈተንበት፤ በግርጌውም «ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ጨመርንበት። ሁሉም «ስግብግብነት መጥፎ ነው» ብለው ጻፉ፤ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠን። ከዚያ ክፍል መጽሐፉን እንደገና የተዋሰ ሰው አልነበረም። አንድ ተፈታኝ ብቻ ያንን ጥያቄ ባዶውን ትቶት ነበር፤ ዜሮ ሰጠነው። የቶልኪንን ባዶ ገጽ ወሬ ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው።

በዓመቱ ፈተናውን ትተን አምስተኛውን ምዕራፍ ጮክ ብለን አነበብንላቸውና የኪሱ ጥያቄ እንቆቅልሽ መሆን አለመሆኑን ብቻ ጠየቅን። ከገጠር የመጣ አንድ ዕጩ መምህር፣ እንቆቅልሽ ሲባል ፍቺው በጥያቄው ውስጥ ተሸፍኖ የሚገኝ መሆን አለበት፤ ይህ ግን ፍለጋ የሌለው ነገር ስለሆነ ቢልቦ አጭበርብሯል ሲል ተከራከረ። ጎረቤቱ መጽሐፉን ነጥቆ፣ ጎለም ሦስት ጊዜ ልሞክር ብሎ መጠየቁን አሳየው፤ ለመመለስ ከተስማማ ጥያቄውን ተቀብሏል ማለት ነው አለ። የመጀመሪያው፣ «የተራበ ሰው የተቀበለው ውል ውል ነው ወይ?» ብሎ መለሰለት። ደወሉ ተደወለ፤ ሁለቱ ግን መጽሐፉን በመካከላቸው ይዘው እየተጨቃጨቁ ወጡ። እስካሁንም አልመለሱልንም።